ለጥሩ ፎቶግራፍ መሣሪያው ምን ያህል ይወስናል? በስልክ፣ በካሜራ፣ በሌንስና በብርሃን መካከል ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የአክስቴ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ ሁለቱንም ያነሣሁት እኔ ነኝ። አንደኛውን ያነሣሁት ከጓደኛዬ በተዋስሁት ውድ ፉል ፍሬም ካሜራ፣ በፋሲካ ዕለት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ግቢያችን ውስጥ ነው። ምስሉ ከመጥራቱ የተነሣ የነጠላቸው ጥለት ክር በክር ይቆጠራል፤ ፀሐይዋ ግን አናት ላይ ስለነበረች ዓይኖቻቸው በቅንድባቸው ጥላ ተውጠዋል፣ ከአፍንጫቸው ሥርም ድፍን ጥቁር ጥላ ወድቋል። ሁለተኛውን ያነሣሁት በዚያው ሳምንት ኪሴ ውስጥ በነበረው ስልክ፣ ማድ ቤቱ በራፍ ላይ ተቀምጠው ቡና ሲቆሉ ነው። በበሩ የሚገባው ብርሃን በአንድ ወገን ፊታቸው ላይ አርፏል፤ ከምጣዱ የሚነሣው ጭስ ከኋላቸው ባለው ጨለማ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል፤ ማማሰያውን የያዘው እጃቸው የደም ሥሩ ሳይቀር ጎልቷል። ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ቆሞ የሚያየው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «መሣሪያ ዋጋ የለውም» ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ይሆናል። ያው ስልክ ከጥቂት ወራት በኋላ በወንድሜ ሠርግ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሻማና በጥቂት አምፖሎች ብርሃን ሳነሣበት፣ ለአልበም የሚበቃ አንድም ምስል አልሰጠኝም። ሙሽሮቹ ቃል ኪዳን ሲገቡ የነበራቸው ፊት በእኔ ዘንድ ያለው እንደ ጭቃ በተለወሰ ቀለም ብቻ ነው፤ ያንን ቅጽበት መልሶ ማምጣት አይቻልም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሁለቱ አጋጣሚዎች የያዝሁት እምነት ይህ ነው። መሣሪያ የሚወስነው እስከ የት ድረስ መሄድ እንደምንችል ነው፤ በዚያ ክልል ውስጥ ምስሉን ድንቅ የሚያደርጉት ግን ብርሃኑ፣ የቆምንበት ቦታና ቁልፉን የተጫንንበት ቅጽበት ናቸው። መሣሪያ የሚገፋቸው ድንበሮች በዋናነት አራት ናቸው፤ እነሱም ጨለማ፣ ርቀት፣ ፍጥነትና የህትመት መጠን ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነጻጽረው የትኛው ካሜራ ከየትኛው እንደሚበልጥ ሳይሆን፣ ያለዎት ገንዘብ ከእነዚህ ድንበሮች የትኛውን ሊገፋልዎት እንደሚችል ነው።

ስልክ ወይስ ካሜራ

የሁለቱ ልዩነት መነሻ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ስፋት ነው። የፉል ፍሬም ካሜራ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር፣ ማለትም 864 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሚገዟቸው ኤፒኤስሲ የሚባሉት የካነን ካሜራዎች ሴንሰር ወደ 330 ካሬ ሚሊሜትር ይጠጋል። የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ ደግሞ ከ30 እስከ 75 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሰፊ ጣራ ብዙ ዝናብ እንደሚቀበል ሁሉ ሰፊ ሴንሰርም በእኩል ጊዜ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ ብርሃኑ ሲያንስ በምስሉ ላይ የሚታየው ሻካራ ነጠብጣብም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ነገር ግን ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን ዝናቡ ራሱ ዶፍ ነው፤ ጠባቡም ጣራ በርሜሉን ይሞላል። በጥሩ የጠዋት ብርሃን በስልክ የተነሣን ፎቶና በውድ ካሜራ የተነሣን ፎቶ በስልክ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን አድርጎ መለየት ለባለሙያም ቢሆን ይከብዳል። ለህትመትም ቢሆን ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ይበቃል። ኤ4 ወረቀት ላይ በኢንች 300 ነጥብ አድርጎ ለማተም የሚያስፈልገው 8.7 ሜጋፒክስል ብቻ ስለሆነ፣ 12 ሜጋፒክስል ያለው ስልክ ከበቂ በላይ ነው፤ ለኤ3 ደግሞ 17.4 ሜጋፒክስል ያስፈልጋል። ፎቶው ጥራቱን የሚያጣው ብዙ ጊዜ ሲነሣ ሳይሆን ሲላክ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ለማተሚያ ቤት ፎቶ የሚልክ ሰው ይህን አንድ ነገር ቢያውቅ ብዙ ቅሬታ ይቀር ነበር።

ስልክ የሚሸነፍበት ቦታ ግልጽ ነው። የሌሊት ማንሻው ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ምስሎችን ወስዶ ስለሚደራርብ ቆሞ ለሚጠብቅ ሕንፃ ይሠራል፤ ጽናጽል ይዘው ለሚያሸበሽቡ መዘምራን ግን አይሠራም፣ እጃቸውን ጉም ያደርገዋል። ከኋላ ያለውን የሚያደበዝዘው የፖርትሬት ማንሻም በስሌት የሚገምት እንጂ በእውነተኛ ሌንስ የሚያይ ስላልሆነ፣ የነጠላውን ዘርፍ ወይም ከሹሩባ ያመለጠውን ጸጉር ከኋላው ጋር አብሮ ይቆርጠዋል። በጣት የሚሳበው ዙም አብዛኛውን ጊዜ ከምስሉ ላይ መቁረጥ ነው፤ ወደ ርእሰ ጉዳዩ አያቀርብም።

ስለዚህ ፎቶዎ የሚታየው በስክሪን ላይ ከሆነ፣ የሚያነሡትም በቀን፣ በቅርብ የሚገኝና ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ ነገር ከሆነ፣ ካሜራ አይግዙ። ገንዘብዎን ይያዙ፤ ወይም ከዚህ በታች ስለ ብርሃን ወደማነሣው ክፍል ይሂዱ።

ቦዲ ወይስ ሌንስ

ካሜራ ለመግዛት ከወሰኑ ቀጣዩ ምርጫ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ ሥራ ሲጀምር የተጠራቀመውን ገንዘብ በሙሉ በአዲስ ቦዲ (ሌንሱን ሳይጨምር በካሜራው አካል) ላይ አውሎ፣ ሌንሱን ግን ከካሜራው ጋር በመጣው ኪት ሌንስ ያብቃቃዋል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ዛሬ ቢሆን ተቃራኒውን አደርግ ነበር።

ምክንያቱ በቁጥር ይታያል። 18–55 የሚባለው ኪት ሌንስ ወደ 55 ሲሳብ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 የሚባለው ትንሽ ሌንስ ደግሞ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመልሰን እንየው። በኪት ሌንሱ ሸተሩ፣ ማለትም ለብርሃኑ የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ለ1/13 ሰከንድ ተከፍቶ መቆየት ካለበት፣ በ50ው ሌንስ 1/125 ሰከንድ ይበቃዋል። በ1/13 ሰከንድ ቀለበት የሚያጠልቅ እጅ ይደበዝዛል፤ በ1/125 ጥርት ብሎ ይወጣል። የቦዲው ዋጋ እጥፍ ድርብ ቢሆን እንኳ ይህን ልዩነት በቀላሉ አያካክስም፤ ሌንሱ ግን በአምራቾቹ ዝርዝር ውስጥ ከርካሾቹ አንዱ ነው፣ የካነኑም ክብደት 160 ግራም ያህል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የ50ውን ጉድለት ሳልናገር ባልፍ አንባቢን አሳስታለሁ። በካነን ኤፒኤስሲ ካሜራ ላይ ሲገጠም የእይታው ስፋት በፉል ፍሬም ላይ እንዳለ የ80 ሚሊሜትር ሌንስ ይሆናል፤ ቁጥሩ ሲጨምር እይታው ይጠባል። ለፊት ምስል እጅግ ያማረ ነው። ነገር ግን አራት በሦስት ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ አባትና እናት ከስድስት ልጆቻቸው ጋር ሲደረደሩ፣ ጀርባዎ ግድግዳ ነክቶም የዳር ዳሮቹ ትከሻ ይቆረጣል። የመልስና የቅልቅል ሥራ የሚሠራ፣ በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚያነሣ ሰው 35 ሚሊሜትሩን ቢያስቀድም ይሻለዋል፤ ካልሆነም ኪት ሌንሱን ሳይሸጥ ለቡድን ፎቶ ያስቀረው፣ በፍላሽ ከታገዘ ለዚያ ሥራ አያሳፍርም።

ሌላው የሌንስ ብልጫ ዕድሜው ነው። ቦዲ በየጥቂት ዓመቱ ያረጃል፤ የሌንስ መግጠሚያ ግን ትውልድ ይሻገራል። የኒኮን ኤፍ መግጠሚያ ከ1959 ጀምሮ፣ የካነን ኢኤፍ ደግሞ ከ1987 ጀምሮ በሥራ ላይ ያሉ ናቸው (ዓመቶቹ እንደ ጎርጎርዮሳውያን ናቸው)። ሁለቱም ድርጅቶች በ2018 ለሚረርለስ (በውስጣቸው መስተዋት ለሌላቸው) ካሜራዎቻቸው አዲስ መግጠሚያ ቢያወጡም፣ የድሮዎቹ ሌንሶች በአስማሚ በአዲሶቹ ላይ ይሠራሉ። የተገላቢጦሹ ግን አይሆንም፤ የአዲሱ ሚረርለስ ሌንስ በድሮው ባለ መስተዋት ካሜራ፣ በዲኤስኤልአር ላይ አይገጥምም። ከውጭ አገር ዘመድ ሌንስ ሲልክልዎት ይህን አስቀድመው ይንገሩት። የኒኮን ተጠቃሚ ከሆኑ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ የዲ3000 እና የዲ5000 ተከታታይ ቦዲዎች በውስጣቸው የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው፣ በስማቸው መጨረሻ ላይ የዲ ምልክት ያለባቸው የቆዩ ሌንሶች በእነሱ ላይ በራሳቸው ፎከስ አያደርጉም። በእጅ እያዞሩ ማስተካከል ግዴታ ይሆናል፤ በሠርግ ላይ ደግሞ ለዚህ ጊዜ አይገኝም።

ሌንስ ወይስ ብርሃን

ከንጽጽሮቹ ሁሉ የላቀ ግምት የምሰጠው ለዚህ ነው። ማሊያዊው ሴይዱ ኬይታ በ1948 ባማኮ ውስጥ ስቱዲዮ ሲከፍት፣ በአብዛኛው የሚጠቀመው በግቢው ውስጥ ባለው የቀን ብርሃን ነበር። ለጀርባ መጋረጃነት መጀመሪያ የሰቀለው የራሱን የአልጋ ልብስ ነው። ፊልም ውድ ስለነበረ ለአንድ ደንበኛ የሚያነሣው አንዴ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ከመጫኑ በፊት የደንበኛውን አቀማመጥ፣ የእጁን አጣጣልና የፊቱን አዞር ያስተካክል ነበር። ዛሬ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች የሚታዩት የእነዚያ የባማኮ ነዋሪዎች ምስሎች ግርማቸውን ያገኙት ከዚህ ጥንቃቄ ነው።

ሆኖም የኬይታን ታሪክ መሣሪያን ለማናናቅ የሚጠቅሱ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ኬይታ የሚሠራው 13 በ18 ሴንቲሜትር በሆነ ትልቅ ኔጋቲቭ ነበር፤ ይህም ከዛሬው ፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋት 27 እጥፍ ነው። እርሱ በጊዜው ያትማቸው የነበሩት በኔጋቲቩ ልክ ትናንሽ ምስሎች ቢሆኑም፣ ከአሠርት ዓመታት በኋላ በግድግዳ መጠን ሲታተሙ የቀሚሱ አበባ ሳይፈዝ የቀረው በዚያ ኔጋቲቭ ምክንያት ነው። ምስሉን ውብ ያደረገው ዓይኑና የግቢው ብርሃን ነው፤ ግድግዳ ያህል ሆኖ እንዲታይ ያስቻለው ግን መሣሪያው ነው። ሁለቱን ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

በአገራችን ስለ ብርሃን ማወቅ ያለብንን ሁለት ነገር ላንሣ። የመጀመሪያው የፀሐይዋ አቅጣጫ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ እኩለ ቀን ላይ ከፍ ብላ ትውላለች፤ አክስቴን ያጋጠማቸው የዓይን ጥላ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ ፊትን ይቀርጻል። በሌላ ሰዓት ማንሣት ግዴታ ከሆነ ሰውየውን በረንዳ ጥላ ሥር አቁመው ፊቱን ወደ ውጭ ማዞር ይበቃል።

ሁለተኛው ነጭ ልብሳችን ነው። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። በሀበሻ ቀሚስና በነጠላ የተሞላ ፍሬም ሲገጥመው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ምስሉን ያጨልማል፤ ያን ጊዜ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ የጠይም ፊት ዝርዝርም ይጠፋል። ይህ ጉድለት ከርካሹ ካሜራ እስከ ውዱ ድረስ ያለ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። በካሜራ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ማስተካከያ ወደ +1 መግፋት፣ በስልክ ላይ ፊቱን በጣት ነክቶ የፀሐይዋን ምልክት ወደ ላይ መሳብ ነው። ከዚያ በኋላ የነጠላው ነጭ ክፍል በጣም ከነጣ ሰውየውን ከቀጥታ ፀሐይ አውጥቶ ወደ ጥላ ማስገባት ያስፈልጋል፤ በጥላ ውስጥ ነጠላውም ፊቱም አብረው ይወጣሉ።

ለሁለተኛ ሌንስ ያጠራቀሙት ገንዘብ ካለ፣ እኔ የምመክረው አስቀድሞ አንድ ፍላሽ እንዲገዙ ነው፤ በተለይ ጭንቅላቱ ወደ ላይና ወደ ጎን የሚዞረውን ይምረጡ። ብርሃኑ በቀጥታ ፊት ላይ ከተተኮሰ ሰውን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ያስመስለዋል፤ ወደ ነጭ ኮርኒስ ተተኩሶ ሲመለስ ግን እንደ ሰፊ መስኮት ብርሃን ለስልሶ ይወርዳል። ኮርኒሱ እንጨት ወይም ጥቁር ከሆነ፣ ወይም እንደ ድንኳን ከፍ ያለና ባለ ቀለም ከሆነ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ያን ጊዜ ከጎን አንድ ሰው አቡጀዲ ወጥሮ ይዞ ብርሃኑን እንዲመልስ ማድረግ ይቻላል።

መሣሪያው በእርግጥ የሚወስንበት ቦታ

የርቀትን ድንበር ከሁለት የአገራችን እንስሳት በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም። በሰሜን ተራሮች የጭላዳ መንጋ ሣሩን እየነጨ ሰው ጥቂት ሜትሮች ድረስ ሲጠጋው አይሸሽም። እዚያ የጭላዳውን ደረት ቀይ ምልክትና ከኋላው የሚታየውን ገደል አንድ ላይ ለማውጣት ስልክ ወይም 35 ሚሊሜትር ሌንስ በቂ ነው፤ ረጅም ሌንስ እንዲያውም ገደሉን ያስቀራል። በባሌ ተራሮች፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የሳነቲ አምባ ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ አይጥ ሲያድኑም ከሩቅ ቆሞ ማየት እንጂ እየተከተሉ ማስጨነቅ አይገባም። እዚያ ቢያንስ የ300፣ ቢቻል የ400 ሚሊሜትር ሌንስ ከሌለ የሚገኘው በቡናማ ሜዳ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ናት። ትዕግሥትም፣ ዓይንም፣ ዕውቀትም ይህን ርቀት አያሳጥሩትም።

እንዲህ ያለውን ሌንስ ግን መግዛት የሚገባው በየወሩ ለሚጠቀምበት ሰው ነው። በዓመት አንዴ ለሚደረግ ጉዞ መከራየት ወይም መዋስ ይበልጣል። ለጉግስና ለሩጫም እንዲሁ ነው፤ የፈረስ ኮቴ ሲነሣ ለማቆም እስከ 1/1000 ሰከንድ የሚደርስ ሸተር ያስፈልጋል፤ ይህን በቀን ብርሃን ማንኛውም ዲኤስኤልአር ይችለዋል፤ አዳዲሶቹ ሚረርለሶች የሚበልጡት ተንቀሳቃሹን ዓይን እየተከተሉ ፎከስ በማድረጋቸው ነው። ከዚህ ሥራ የሚኖር ሰው አዲሱን ቢገዛ ገንዘቡን ያወጣለታል።

ያገለገለ ወይስ አዲስ

ለጀማሪ ያገለገለ ካሜራ ይሻላል ባይ ነኝ፤ በደንብ ከተፈተሸ። በ2008 የወጣው የካነን 5ዲ ማርክ 2 21 ሜጋፒክስል ያለው ፉል ፍሬም ነው፤ እስከ ኤ3 ለማተም ዛሬም ይበቃል። ሲገዙ ሸተሩ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ይጠይቁ፤ ለዚህ ካሜራ አምራቹ የገመተው 150,000 ነው። ሌንሱን በስልክ ባትሪ መብራት ከኋላ እያበሩ ይዩት፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነውና ይተዉት። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 16 አጥብበው ደመናማ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ያንሡ፤ ጥቋቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ፤ ይህ ይጸዳል፣ በዋጋው ላይ ግን ለመከራከር ይረዳዎታል።

ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት አንድ ሥራ እንዲሠሩ እለምንዎታለሁ፤ ወረቀትና እስክርቢቶ ብቻ ይፈልጋል። ባለፉት ጥቂት ወራት ካነሡት ውስጥ ያልወደዷቸውን 30 ፎቶዎች ያውጡና ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት የተበላሸበትን ምክንያት በአንድ ቃል ይጻፉ፤ «ጨለማ»፣ «ርቀት»፣ «ፍጥነት»፣ «ጥላ»፣ «ቦታ»፣ «ቅጽበት»። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከበዙ መሣሪያዎ ይዞዎታልና ይግዙ፤ የትኛውን እንደሚገዙም ወረቀቱ ይነግርዎታል። እኔ ይህን ያደረግሁት ረጅም ሌንስ ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅሜ ስጨርስ ነበር። በወረቀቴ ላይ «ርቀት» የሚለው ሁለት ቦታ ብቻ ሲገኝ፣ «ጥላ» የሚለው ገጹን ሞልቶት ነበር። ከዚያ ገንዘብ በጥቂቱ ፍላሽና አምስት ሜትር አቡጀዲ ገዛሁ፤ የሚቀጥለውን ፋሲካ የአክስቴን ፎቶ ያነሣሁት በጠዋቱ በረንዳው ላይ ነው።